ዌርዎልፍ ስፈልግ አያቴን አገኘሁ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ አጭር ፊልም ሊሠራ ተነስቷል። ካሜራ ተውሷል፣ ተዋናይ አግኝቷል፣ ትንሽ ብርም ለቃቅሟል። የጎደለው ታሪክ ብቻ ነው። «ብሮ፣ ዌርዎልፍ ጻፍልኝ» አለኝ። «ግን የፈረንጅ እንዳይሆን። የሀበሻ ዌርዎልፍ፣ ማንም ያልነካው ነገር።»

እኔ ያን ሰሞን አማን ነበርኩ፣ እማማ ቤት። እማማ የምላት የእናቴን እናት ነው። አማንን ለማታውቋት፣ ሚዛን አማን ከሚባለው ከተማ ሁለተኛዋ ግማሽ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ ቦንጋን አልፋችሁ፣ ጫካውና ቡናው ሲያስጨንቃችሁ የምትደርሱባት። ዝናቡ ክረምት በጋ አይልም። ያን ቀን ማታም ዝናብ ነበር፣ መብራትም ሄዷል፣ ስልኬ 23 ፐርሰንት ላይ ነው። ከሩቅ ጅብ ይጮሃል። ለአስፈሪ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል ብዬ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ስለ ዌርዎልፍ እናውቃለን የምንለው አብዛኛው ነገር የሆሊውድ መሆኑ ነው። ከነከሰህ አንተም ትሆናለህ፣ በብር ካልሆነ አይሞትም የሚሉትን ለዓለም ያስለመደው በ1941 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ዎልፍ ማን» የተባለ ፊልምና ተከታዮቹ ናቸው። የድሮዎቹ ታሪኮች ሌላ ናቸው። ሮማዊው ፔትሮኒየስ ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው አለ፤ አንድ ወታደር በጨረቃ ብርሃን መቃብር ስፍራ ላይ ልብሱን አውልቆ ተኩላ ይሆናል። ልብሱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ተኩላው የሰው በግ ሲፈጅ አንገቱ ላይ በጦር ይወጋል፣ ሲነጋ ወታደሩ አልጋው ላይ ተኝቶ ሐኪም አንገቱን ሲያክመው ይገኛል። ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ። ልጆች ሆነን የሰማናት ናት እኮ! ሌሊት ጅቡን እግሩ ላይ መቱት፣ ጠዋት እከሌ እያነከሰ ወጣ የምትለዋ።

ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1589 ጀርመን አገር ኮሎኝ አጠገብ ፒተር ስቱምፕ የሚባል ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ፣ የማሠቃያ መሣሪያ አሳይተውት አመነ፣ በአደባባይም ተገደለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዛሬ ላትቪያ በምንላት አገር ቲስ የሚባል የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ ተኩላ ነኝ» አለ። ግን ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ዳኞቹን ግራ አጋባ፦ እኛ ተኩላዎቹ የእግዚአብሔር ውሾች ነን፣ ሲኦል ወርደን ሰይጣን የሰረቀውን እህል እናስመልሳለን። ገረፉት። ይሄኛው ሰውዬ በጣም ደስ አለኝ፤ ለብቻው ፊልም ይወጣዋል።

ለኛ ግን ተኩላ አይሆንም። ያለን ቀይ ቀበሮ ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ የማያልፍ፣ ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ አይጥና ፍልፈል ሲያሳድድ የሚውል፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ምስኪን። እሱን አስፈሪ ማድረግ ነውር ነው። የኛ ጅብ ነው። ይሄን ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይነግሩት ያውቃል። ቡዳ ማታ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሲነጋ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

ፈረንጆቹም ጽፈውታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ሌሊት ሌሊት ከተማውን ጅብ ያጥለቀልቀው ነበር፤ ራስ ሚካኤል ስሑል የሚያስገድሏቸው ሰዎች ሬሳ መንገድ ላይ ስለሚጣል። ብሩስ እንደጻፈው ብዙ የጎንደር ሰው እነዚያ ጅቦች ከአካባቢው ተራራ በአስማት ተለውጠው የሚወርዱ ፈላሾች (ዛሬ ቤተ እስራኤል የምንላቸው) ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ብሩስ ራሱ በአንድ ጉዞው ላይ ሌሊት ሲነቃ ድንኳኑ ውስጥ የሻማ እስር በአፉ የያዘ ጅብ ቆሞ አገኘ። ጅቡ የፈለገው የሻማውን ሞራ ነው፤ ለማንበብ አይደለም መቼስ።

ከሁሉም የበለጠው ግን የኮፊን ታሪክ ነው። ኮፊንና ፒርስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ለዓመታት ኖረዋል። በ1831 በታተመው የፒርስ መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል አለ። ኮፊን ቡዳ ነው የሚባል ወጣት አገልጋይ ነበረው። አንድ ምሽት ልጁ «እስከ ነገ ፈቃድ ይስጡኝ» ይላል፣ ይፈቀድለታል። ኮፊን ፊቱን ወደ ሌሎቹ አሽከሮች እንደመለሰ አንዱ «እዩት፣ እዩት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ዞር ሲል ልጁ የለም። አንድ ትልቅ ጅብ ሜዳውን እያቋረጠ ይሮጣል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ዛፍም ቁጥቋጦም የለበትም። በማግስቱ ልጁ ተመለሰ። ጓደኞቹ ሲቀልዱበት አልካደም። ፒርስ ደግሞ ቡዳ የሚባሉት ሰዎች የሚያደርጉትን ዓይነት የወርቅ ጉትቻ ጆሮው ላይ ያለ የሞተ ጅብ አይቻለሁ ይላል።

የወርቅ ጉትቻ ያደረገ ጅብ! ምን አለፋችሁ፣ ፊልሙ በዓይኔ ላይ ሄደ። ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ዝምተኛ ሰውዬ። ማታ ሜዳው ላይ ይሮጣል። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ካሜራው ወደ ሞተው ጅብ ጆሮ ይጠጋል። ለጓደኛዬ በድምፅ ላክሁለት። እሳት የሆነ ኢሞጂ መለሰልኝ። ስልኬ በ4 ፐርሰንት ጠፋ፣ እኔም ተኛሁ።

ጠዋት እማማ ቡና ስታፈላ ትንሽ ማጣፈጫ ልልቀም ብዬ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ጅብ የሚሆን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀጥቃጭ ምናምን?»

የሚቆላውን ቡና ማማሰል አቆመች። ቡናው ማረር ጀመረ፣ ዝም ብላ አየችኝ። «ማን ነገረህ?» አለች።

ልብ በሉ፣ «ምን እያልክ ነው» አላለችኝም። «ማን ነገረህ» ነው ያለችው።

ያን ቀን ሌላ ቃል አልወጣትም። «ይሄን ወሬ እዚህ ቤት አታምጣብኝ» ብላ ሦስተኛውን ሳታደርስ ረከቦቱን አነሳች። እማማ በረካን የማትዘል ሴት ናት። እኔም የሃይማኖት ነገር መስሎኝ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ዝናብ ይዞን ሁለታችንም በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ እሷ ራሷ ጀመረች። «አያትህ ቀጥቃጭ ነበር።»

እኔ የማውቀው አያቴ ገበሬ እንደነበሩ ነው። ሳልወለድ ነው የሞቱት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከዋድላ ደላንታ በሰፈራ ወደ ከፋ ክፍለ ሀገር እንደመጡ፣ ሲያርሱ ኖረው በኋላ አማን እንደገቡ ነው የተነገረን። በዚያ ሰፈራ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን አንስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አምጥቷል፤ የኛም ቤት ታሪክ ከነዚያ አንዱ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ከዚያ በፊት ስለነበረው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«እዚያ ስንኖር» አለች እማማ፣ «የጎረቤት ልጅ ታመመ። ያልበዋል፣ ይለፈልፋል። በላው አሉ። ግዘዋ አጨሱበት። ማን ነህ፣ ከማን ቤት መጣህ፣ እያሉ ሲያጨናንቁት ልጁ ያያትህን ስም ጠራ። ምን ይጥራ? የአገሩ ሰው ሁሉ ማረሻውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ስም የሱ ነው።»

ሌሊት ሦስት ወንዶች ዱላ ይዘው መጡ። አያቴን ይዘው ሄደው ልጁ ላይ እንትፍ እንዲሉበት አደረጉ። የበላው ሰው ምራቁን ከተፋበት የተበላው ይድናል ነው እምነቱ። እማማ ልጆቿን ይዛ እስኪነጋ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የሚመለሱ አልመሰላትም።

«ልጁስ?» አልኳት።

«ዳነ። የባሰው እሱ ነው።»

አልገባኝም ነበር። እየቆየ ነው የገባኝ። ልጁ ቢሞት ገዳዩ እሳቸው ናቸው። ልጁ ከዳነ ደግሞ ምራቃቸው አዳነው ማለት ነው፣ ስለዚህ የበሉት እሳቸው ናቸው። እምቢ አልተፋም ቢሉ? እዚያው ዱላው አለ። ያን ጊዜ የኮፊን አገልጋይ ትዝ አለኝ። «አልካደም» የምትለዋን ቃል በዚያች ሌሊት ዝም ብዬ አልፌያታለሁ። ቢክድስ ማን ሊሰማው? ምናልባትም ጓደኞቹ የሚፈሩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፣ ለአንድ አሽከር እሱም ቀላል አይደለም። ብቻ ልጁ ምን እንደተሰማው የጻፈ የለም። የጻፈው ኮፊን ያየው ጅብ ነው።

ከዚያ በኋላም ሰው ማረሻ ማሠራቱን አልተወም። እንዴት ይተዋል? ያለ ማረሻ አይታረስም። ግን ልጆቹን አስከትሎ አይመጣም። ማረሻውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ እጅ በእጅ አይሰጥም። ይሄ ሆኖ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ድርቁ መጣ፣ ከዚያ መዝጋቢዎቹ።

«ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ‹ገበሬ› አለ» አለች እማማ፣ እየሳቀች። «በሬ የለን፣ መሬት የለን። እርፍ ጨብጦ አያውቅም። ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት፣ ረገጠኝ። ሌላው ሰው አገሩን እያየ ሲያለቅስ እሱ ጭነት መኪናው ላይ አንዴ ዞር ብሎ አላየም።»

ሰፈራ ብዙ ቤት ያፈረሰ፣ ብዙ ሰው የገደለ ነገር ነው፤ ስለሱ የሚባለውን ሁሉ አውቃለሁ። የኛ ቤት ሰው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ወናፉንም፣ ጉጠቱንም፣ መስፉንም ጥለው የመጡት አያቴ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ነበር፤ እጀታው የወለቀ የመዶሻ ራስ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ። የት እንዳለ ስጠይቃት በአገጯ አሳየችኝ። የጠላው ጋን ክዳን እንዳይከፈት የሚቀመጥበት ብረት! ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ስንት ጊዜ ኮክ ሰብሬበታለሁ።

ቀጣዩን ስትነግረኝ ነው የጓደኛዬ ፊልም ከእጄ የወጣው። በመጡ በሁለተኛው ዓመት የጎረቤት ዶማ ተሰበረ። ሚዛን ሩቅ ነው፣ ያኔ በእግር ነው። አያቴ «ሚዛን የሚያውቁኝ ቀጥቃጭ አለ፣ ወስጄ አሠራልሃለሁ» አሉት። ዶማውን ተቀበሉ። ሌሊት ዝናቡ እስኪጠና ጠብቀው፣ ፍየል ቆዳ ወናፍ አድርገው፣ ከሰልና መዶሻ ይዘው ወንዙ ዳር ጫካ ውስጥ ገቡ። ዝናቡ ሲወርድ መዶሻ አይሰማም። ሠርተው መጡ፣ ግን ለሰውየው ወዲያው አልሰጡትም።

«ሦስት ቀን አልጋ ሥር ይደብቀዋል» አለችኝ። «ሰው ሚዛን ደርሶ መመለሻውን ይቆጥራላ! አንዳንዴማ ጫካ ውስጥ ውሎ ማታ አቧራውን እያራገፈ ይገባል፣ ከሚዛን የመጣ እንዲመስል።»

እንዲህ ተብሎ ዓመታት አለፉ። ሰፈርተኛው «ያ የሚዛኑ ቀጥቃጭ እጁ ይባረክ» ይላል። አያቴ ይሄን በሰሙ ቁጥር ማታ ቤት ገብተው ብቻቸውን ይስቁ ነበር አሉ። ታዲያ አንድ ሌሊት ከጫካው ሲወጡ፣ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ፣ አንድ ጎረቤት መንገድ ላይ ፊት ለፊት አገኛቸው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሰው ከጫካ ይወጣል። አስቡት፤ ወሎ ቢሆን ኖሮ ይቺ ብቻ በቂ ነበረች። እማማ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ልጆቹን አልብሳ ተቀመጠች። ነጋ። ጎረቤቱ መጣ። የደነዘ ማጭድ በሩ ላይ አስቀመጠና «ሚዛን ስትሄድ» ብሎ ሄደ። ሌላ ምንም አላለም። እስኪሞት ድረስም አላለም።

ማታውኑ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ እሷ ጅማ ናት። የነገረችኝን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ዝም አለች። ኔትዎርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል «ዝናብ ሲጥል ማን ይተኛል ብለህ ነው» አለችኝ። «እንሰማው ነበር እኮ። ሁላችንም እንሰማው ነበር።»

ለጓደኛዬ አዲሱን ታሪክ ነገርኩት። ቀን ገበሬ፣ ማታ ቀጥቃጭ። የሚለወጥ ሰው ፈልገህ አይደል? ይኸውልህ። እሱ እያዳመጠ ቆይቶ «አሪፍ ነው፣ ልብ ይነካል» አለ። ከዚያ «ግን ጅቡስ? ትሬይለር ላይ ጅብ ያስፈልገኛል» አለኝ። አልፈርድበትም። ከሦስት ቀን በፊት እኔም የምፈልገው ያንኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ፣ አሁን ጅቡን ትቼ ሰውየውን እየፈለግሁ። ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አንትሮፖሎጂስት በመንዝ ያጠናውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እዚያ ቡዳ የሚባለው ማነው ቢባል፣ አብዛኛው መሬት የሌለው የእጅ ባለሙያ ነው፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ። ሐጋር ሳሎሞን ደግሞ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን አነጋግራ በ1999 ያወጣችው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «የጅብ ሰዎች» ነው። ጎረቤቶቻቸው ጅብ ናችሁ ይሏቸው ነበር፤ የክርስቶስን ችንካር የቀጠቀጣችሁት እናንተ ናችሁም ይባሉ ነበር። ወደ ኋላ ስትሄዱ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም መባሉን ታገኛላችሁ። መሬቱን ያጣ ምን ይሥራ? ብረትና ሸክላ ያዘ። ብረትና ሸክላ የያዘ ደግሞ ቡዳ ተባለ። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል። ያ አዋጅ ከወጣ ከስንት ዘመን በኋላ ነው ሦስት ሰዎች ዱላ ይዘው አያቴ በር ላይ የቆሙት።

ጅቡም ቢሆን ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። ሐረር ሂዱ፤ እዚያ ሰው በአፉ እንጨት ይዞ ሥጋ ያጎርሰዋል፣ በየዓመቱ ገንፎ ይቀርብለታል፣ ጂን ይበላልናል ብለው ይወዱታል፣ የከተማው ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ አለው። መቀሌ አካባቢ የተሠራ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋና ቅንጥብጣቢ ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ ከኩሳቸው ውስጥ ፀጉር እየለቀሙ አሳይቷል፤ የአህያው ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ማለት ጅብ የሚያውቀው ሆዱን ነው። ማን ቀጥቃጭ፣ ማን ገበሬ እንደሆነ ግድ የለውም።

«ዘ ዎልፍ ማን»ን ማን እንደጻፈውም ያወቅሁት በዚህ መሀል ነው። ኩርት ሲዮድማክ ይባላል፣ ድሬስደን የተወለደ አይሁዳዊ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከጀርመን የሸሸ። ፊልሙ ላይ ተኩላው ቀጥሎ የሚገድለው ሰው መዳፉ ላይ ኮከብ ይታየዋል። ተኩላ የሚሆነው ሰውዬም ክፉ አይደለም፣ ሳይፈልግ የተያዘ ነው። ይሄን ለጓደኛዬ ላክሁለት፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር። አያቴ ተበዳይ፣ እኔ የተበዳይ የልጅ ልጅ፣ በቃ። ግን አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልጽፍ ብተወው ውሸት ይሆንብኛል።

እዚህ በደቡብ ምዕራብ ማንጃ የሚባሉ አሉ፤ ከፋ ውስጥ፣ ሸካ ውስጥ፣ ቤንችም ውስጥ። የጫካ ሰዎች ነበሩ፣ አዳኞች። የከፋ ንጉሥ ምኒልክ እስኪይዙት ድረስ ግዛቱ ሲጠበቅ በሮቹን የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ከሰልና ማገዶ ሸጠው ይኖራሉ። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት፣ ስለተገለሉ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች በሚያወራው መጽሐፍ ውስጥ አሉበት፤ ግን ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገኝም። ከነሱ ጋር አብሮ አይበላም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ ጋብቻ አይታሰብም። ለምን ሲባል ጉሬዛ ይበላሉ፣ ከርከሮ ይበላሉ፣ የሞተ ይበላሉ ነው። እዚህ ሰዎቹን ጅብ ማድረግ እንኳን አላስፈለገም። የሚበሉትን መቁጠር በቂ ሆነ።

እማማ ቤት በየሐሙሱ እንጨት የምታመጣ አንዲት ሴት አለች። ማንጃ ናት። ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቃታለሁ። እማማ ታዝንላታለች፣ ዋጋ አትከራከራትም፣ ዳቦ ቋጥራ ትሰጣታለች፣ ቡና ካለ ቡና። አጥሩ ላይ ደግሞ አፉ የተሸረፈ የቆርቆሮ ኩባያ ተሰክቶ አለ። የሷ ነው። ዝናብ ያጥበዋል። ስንት ዓመት እዚያ እንደተሰካ አላውቅም፣ የአጥሩ አካል ነበር የሚመስለኝ፣ ልክ እንደ መዶሻው።

እማማን ጠየቅኋት። እንዴት እንደምጠይቃት ሁለት ቀን አስቤ ነው የጠየቅኋት። ሳትቆጣ መለሰችልኝ። «ስንመጣ አገሩ እንዲህ ነበር፣ ልጄ። እንግዶች ነን። ሰው የሚያደርገውን ካላደረግን እነዚህ ምንድን ናቸው ይሉናል ብለን ነው።» ትንሽ ቆየችና «አያትህ ግን እጅ በእጅ ነበር የሚሰጣት፣ እሷም አባቷም ሲመጡ» አለች። «እኔ ነኝ የምቆጣው። ያጋልጠናል ብዬ።»

ይሄንንም ልጻፈው ወይ ብዬ ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። «ስሙን አታንሳ እንጂ ጻፈው» አለች። «በስምህ ውስጥ የለ።» እውነቷን ነው። የእናቴ አባት ስለሆኑ መታወቂያዬ ላይ የሉም።

ባለፈው ሐሙስ ሴትየዋ መጣች። ቡና ፈልቶ ነበር። እኔ ቀድሜ ተነሳሁና ከረከቦቱ ላይ በሲኒ ቀድቼ፣ በማብሰያ ሳልይዘው፣ እጄ ላይ አድርጌ ይዤላት ወጣሁ። ሸክሟን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ሲኒውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ በጀርባዬ በኩል እማማ ወዳለችበት በር አሻግራ አየች። እጇን አልዘረጋችም።

«በዚያኛው አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ አጥሩን እያሳየችኝ።

እዚያው ቆምኩ፣ ቡናው እጄ ላይ እየቀዘቀዘ። ከኋላዬ እማማ ከዱካዋ ላይ ስትነሳ ተሰማኝ።